ከመዝገቡ ውጭ ያለው ዕዳ

በነሐሴ 2003 ዓ.ም. የኔዘርላንዱ ሃይንከን የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት ላይ በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚህ ውስጥ 85 ሚሊዮን ዶላር ያህሉ የበደሌ ዋጋ ነበር። በደሌ ያኔ የኢሉባቦር ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ፋብሪካው በ1985 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን ከአዲስ አበባ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከሃይንከን ግዥ በፊት፣ በ1990ዎቹ መባቻ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ለፈረንሳዩ ካስቴል ሲሸጥ የተከፈለው 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

የበደሌ ገዢ በከፈለው ዋጋ ያገኘው ጋኖችና የጠርሙስ መሙያ መስመር ብቻ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ሠራተኞችን ከነመብታቸው፣ ከትልቁ ገበያ የሚያርቀውን መንገድ፣ የውኃውን ምንጭና የፍሳሹን መውረጃ፣ ፋብሪካውን እንደ ራሷ የምታይ ከተማንም አብሮ ተረክቧል። አንድ ቢራ ፋብሪካ ሲሸጥ በየመጠጥ ቤቱ የተበተነው ባዶ ጠርሙስና ሳጥን እንኳ ራሱን የቻለ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ስንቱ ይመለሳል? የተያዘበትን ገንዘብ ነገ ማን ይመልሳል? ከከተማ ሰው ዓይን የራቁ እንዲህ ያሉ ነገሮች ተደምረው የግዥውን ትርፍና ኪሳራ ይወስናሉ።

ድርጅት ከመግዛት በፊት የሚደረገውን ምርመራ ባለሙያዎቹ ዱ ዲሊጀንስ ይሉታል። ብዙ ሰው የሒሳብ አዋቂና የጠበቃ ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ ፋይል ይከፈታል፣ ሰነድ ይገለበጣል፣ ሪፖርት ይጻፋል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። በአገራችን ድርጅት ሲገዛ ከባዱ ዕዳ የሚገኘው ከመዝገቡ ውጭ፣ በመሬቱ፣ በውኃው፣ በባለቤቱ ቤተሰብና በአካባቢው ሰው ትዝታ ውስጥ ነው። ምርመራው እዚያ ድረስ በእግር ካልሄደ ግማሹ እንኳ አልተሠራም።

ይህ ማለት መዝገቡ አይታይ ማለት አይደለም። የንግድ ምዝገባው፣ ንግድ ፈቃዱ፣ መመሥረቻ ጽሑፉ፣ ቃለ ጉባኤዎቹ፣ የአክሲዮን መዝገቡ፣ የግብር ክሊራንሱ፣ የባንክ ብድር ውሎቹ፣ በፍርድ ቤት ያሉ ክርክሮችና እግዶች ሁሉ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። የሒሳብ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ትልልቆቹ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ ማቅረብ ተጠይቀዋል። በመካከለኛና በአነስተኛ ድርጅቶች ዘንድ ግን ለገቢዎች የሚቀርበው ሒሳብ አንድ፣ ለባንክ የሚቀርበው ሌላ፣ ባለቤቱ በደብተሩ የሚይዘው ሦስተኛ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ገዢ ሦስቱንም ማየት አለበት። ሻጭ ትርፉ ከመዝገቡ በላይ እንደሆነ በኩራት ከነገረው፣ ገዢው የሰማው የግብር ዕዳ ነው። ግብር ሰብሳቢው ያለፉትን አምስት ዓመታት ግብር እንደገና ማስላት ይችላል፤ ማጭበርበር ከተገኘ ደግሞ የጊዜ ገደቡ አይከላከልም።

የተመረመረ ሒሳብ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል ከካተርፒላር የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። በመንገድ ሥራችን ሁሉ ቢጫ ማሽኖቹን የምናያቸው ይህ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲዌይ የተባለ የማዕድን ማሽነሪ አምራች የያዘ የቻይና ድርጅት ገዛ። ርክክቡ ካለቀ ከወራት በኋላ መጋዘን ገብተው ዕቃ ሲቆጥሩ በመዝገብ ያለውና መሬት ላይ ያለው አልገናኝ አለ። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ካተርፒላር 580 ሚሊዮን ዶላር ከሒሳቡ ሰረዘ። በዓለም ከታወቁ ኩባንያዎች አንዱ፣ ውድ አማካሪዎችን አሰልፎ፣ የቆጠራው ውጤት የተገለጠለት ከከፈለ በኋላ ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ ገመዱን አይጨብጥም። መጋዘን መቁጠርም ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከመፈረም በፊት መሄድን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚለየው ጉዳይ ግን የሚገዛው ምንድን ነው የሚለው ነው። የድርጅቱን ንብረት ለይቶ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ አክሲዮኑን መግዛት ሌላ። አክሲዮን የገዛ ሰው የድርጅቱን ዕዳ፣ ክስና ያለፈ ግብር ከነታሪኩ ወርሷል፤ ሕጋዊ ሰውነቱ አልተቀየረምና። የንግድ ሕጉም ቢሆን ንግድ ሲሸጥ ማስታወቂያ እንዲወጣና ገንዘብ ጠያቂ እንዲቃወም በር የከፈተው ለዚህ ነው። ውህደትና ግዥ ሲሆን በንግድ ውድድር አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማሳወቅ አለ። ሠራተኛን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቁርጥ ያለ ነው፤ የባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም። ሃያ ዓመት ያገለገለ ጥበቃ ከአዲሱ ባለቤት ዘንድም የሃያ ዓመት አገልጋይ ነው። የዓመት ፈቃዱም፣ የሥራ ስንብት ክፍያውም ከዚያ ይቆጠራል። ብዙ ገዢ ይህን የሚያሰላው ሠራተኛ መቀነስ ሲያምረው ነው።

በቤተሰብ ድርጅት ደግሞ የሚረሳ ፊርማ አለ፤ የትዳር ጓደኛ ፊርማ። በትዳር ውስጥ የተፈራው ፋብሪካ፣ ቤት ወይም አክሲዮን የጋራ ሀብት ከሆነ ባል ብቻውን ሸጦት ውሉ ሊፈርስ ይችላል። አባት ሞቶ ልጆች ሳይከፋፈሉ የቀሩበት ንግድ ቤት በየከተማው አለ። አንደኛው ወንድም ኢሉባቦር ውስጥ መቱ ሆኖ ይሠራል፣ ሁለተኛው አዲስ አበባ ነው፣ እህታቸው ውጭ አገር ናት፤ ፈቃዱ የወጣው በሟች አባት ስም ነው። መቱ ያለው ወንድም ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ቅንነቱ ግን የእህቱን ድርሻ የመሸጥ ሥልጣን አይሰጠውም። የወራሽነት ማስረጃውንና የውክልናውን ሰነድ ማየት፣ ውክልናው መሸጥን ይጨምር እንደሆነ ቃል በቃል ማንበብ፣ እስካሁን አለመሻሩንም ከመዘገበው ቢሮ ማረጋገጥ የግድ ነው።

አሁን ወደ መሬት ልምጣ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ፋብሪካ ወይም እርሻ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው፤ ያም መብት የጊዜ ገደብ፣ ያልተከፈለ ሊዝና የግንባታ ግዴታ ያለበት ሊሆን ይችላል። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና አጥሩ የያዘው ስፋት ይለያያሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ካርታ የማያሳየው ነው፤ ከአጥሩ ውስጥ የማን ቀፎ ተሰቅሎ ነበር? በጫካው ውስጥ ቡና የሚለቅመው ማን ነው? ካሳ የተከፈለው ለማን ነው፣ ሳይከፈለውስ የቀረ አለ?

ኢሉባቦር የጫካ ቡናና የማር አገር ነው። የያዩ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ አካባቢ ዛፍ ባለቤት አለው፤ ወረቀት ባይኖረውም ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ብሎ በጋምቤላ ጎደሬ ወረዳ የሆነው ይህን ያስረዳል። በ2002 ዓ.ም. ቬርዳንታ ሃርቨስትስ የተባለ የህንድ ኩባንያ ለሻይ ልማት 3,012 ሄክታር ለ50 ዓመት በኪራይ ወሰደ። ቦታው የመዠንግር ሕዝብ ንብ የሚያነብበት ጫካ ነበር። ነዋሪዎቹ አቤት አሉ፤ አቤቱታቸው እስከ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ደርሶ ፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፉ። ፕሮጀክቱ ግን ቀጠለ። ውሉ በወረቀት ሙሉ ነበር። የጎደለው በመሬቱ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ይህን የጎደለ ነገር ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ገዢ ሁሉ ይወርሰዋል። ድርጅቱ እጅ በእጅ ቢሸጥ ቅሬታው ከመሬቱ ጋር ይቀራል።

የውኃን ነገር ያስተማረን ካሩቱሪ የተባለ የህንድ ኩባንያ ነው። እርግጥ የእሱም የመሬት ኪራይ እንጂ የድርጅት ግዥ አልነበረም፤ ምርመራ ሲጎድል ምን እንደሚከተል ግን ከዚያ በላይ የሚያሳይ የለም። የባንጋሎሩ አበባ አምራች በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ፣ በጂካዎና በኢታንግ፣ 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ተከራየ፤ ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ርካሽነቱ ዓለምን አስገረመ። በቀጣዩ ዓመት መባቻ የባሮ ወንዝ ሞላ፤ ኩባንያው የሠራውን መከላከያ ክትር አልፎ የበቆሎውን ማሳ ዋጠው። ጉዳቱ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ኩባንያው ራሱ ተናገረ፤ እንዲህ ያለ ውኃ ይመጣል ብሎ እንዳልጠበቀም ገለጸ።

ለኢሉባቦር ሰው ያ ውኃ እንግዳ አልነበረም። ባሮ የሚወለደው ከቢርቢርና ከገባ ወንዞች መገናኛ ነው፤ በመቱ አጠገብ ፏፏቴ ሠርቶ የሚወርደው ሶር የሚገባው ወደ ገባ ነው። ጎሬ በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በጎሬ፣ በመቱ፣ በኡካና በቡሬ የዘነበው ሁሉ መድረሻው ጋምቤላ ሜዳ ነው። ቁልቁል ያሉት አኝዋክና ኑዌርም በየክረምቱ ውኃው እስከየት እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ ከብቶቻቸውን የሚያንቀሳቅሱት፣ መንደራቸውን የሚቆረቁሩት በዚያ ዕውቀት ነው። ከፊርማው በፊት የአንድ ክረምት ቆይታ፣ የዝናብ መዝገብ መመልከትና ከሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ያድን ነበር። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት የካሩቱሪን ውል ሲያቋርጥ የለማው መሬት 1,200 ሄክታር ብቻ ነው አለ።

የትልልቆቹን ተውኩና በዚሁ አገር በየዓመቱ የሚሆነውን ትንሽ ግዥ ቀረብ ብዬ ልየው፤ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግዥን። ሻጩ አቅራቢ ነው፤ ባንክ ተጭኖታል፣ ወይም ወደ ሌላ ንግድ ዞሯል። ገዢው ቡና ላኪ፣ ወይም ከውጭ የተመለሰ የአካባቢው ልጅ ነው። ደላላው ስልክ ላይ ቸኩሏል፤ ሌላ ገዢ አለ ይላል። ወሩ ሰኔ ነው፣ ጣቢያው ዝግ ነው፣ አልጋዎቹ ላይ ሣር በቅሏል፣ መፈልፈያው በሸራ ተሸፍኗል።

የመጀመሪያው ስሕተት በሰኔ መግዛት ነው። ማጠቢያ ጣቢያ የሚታየው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ እሸት ቡና በሚገባበት ወቅት ነው። ያኔ አጋርድም ሆነ ፔናጎስ ማሽኑ ስንት ኪሎ በሰዓት እንደሚፈለፍል፣ ስንት ፍሬ እንደሚሰብር፣ ውኃው በየትኛው ሰዓት እንደሚቀንስ በዓይን ይታያል። በሰኔ ወንዙ ሁሉ ሙሉ ነው፤ በጥር ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የጣቢያው ዘበኛ ነው። ቀጥሎ የሚታየው የፍሳሹ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ጅረቱ ይፈስስ ከነበረ ከታች ውኃ የሚቀዱት ሰዎች ለወረዳው በደብዳቤ አቤት ብለው ይሆናል፤ ደብዳቤው በሻጩ ፋይል ውስጥ ባይገኝ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ማሽኑና መኪናው ለብድር ተይዘው እንደሆነ ደግሞ በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተቋቋመውን መዝገብ ማስፈተሽ ይቻላል። ይህ መዝገብ ከመኖሩ በፊት ገዢው በአብዛኛው በሻጩ ቃልና በሊብሬ ነበር የሚተማመነው።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ከሁሉ የከበደው ነው፤ ገበሬው። አቅራቢው ባለፈው ዓመት እሸት ቡና በዱቤ ወስዶ ቀሪ ሒሳብ ሳይከፍል ቀርቶ እንደሆነ በሻጭና በገዢ ውል ውስጥ አይታይም። ብዙ ጊዜ ደረሰኙ እንኳ ቁርጥራጭ ወረቀት ነው። በሕግ ዕዳው የሻጩ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። በጥቅምት ግን ገበሬው ቀዩን ፍሬ ይዞ በዚያ ጣቢያ በር ያልፍና ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ወይም ቤቱ አድርቆ ጀንፈሉን በኋላ ይሸጣል። ገዢው የገዛው ማሽን ባዶውን ይቆማል። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ገበያ ቀን ሄዶ፣ ቡና እየተጠጣ፣ የዚያ ጣቢያ ሚዛን እንዴት ነበር ብሎ መጠየቅ ያለበት። የሻጩ የሒሳብ ሠራተኛ በሦስት ሳምንት የማይነግረውን ገበሬው በአንድ ስኒ ይነግረዋል። የዋጋው አንድ ክፍል ተይዞ ቆይቶ አንድ የምርት ወቅት ካለፈ በኋላ እንዲከፈል በውል ማስገባትም ብልህነት ነው፤ የተደበቀ ዕዳ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባለቤቱን ይፈልጋል።

ምርመራ ሁሉን ያያል ማለቴ አይደለም። የመጠጥ ኩባንያው ዲያጆ በጥር 2004 ዓ.ም. ሰበታ የሚገኘውን ሜታ አቦ ቢራን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. በተዘጋው የበጀት ዓመት ከሜታ ጋር በተያያዘ 128 ሚሊዮን ፓውንድ የዋጋ ቅናሽ መዘገበ፤ በ2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ለካስቴል ሸጦ ወጣ። ዲያጆ የገዛው ዶላር 17 ብር በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሃይንከን ቂሊንጦ ላይ ትልቅ ፋብሪካ ገነባ፣ ሐበሻን የመሳሰሉ አዳዲስ ቢራዎች መጡ፣ ብር በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ ወረደ፣ በ2011 የአልኮል ማስታወቂያ በብሮድካስት ታገደ፣ በ2012 የኤክሳይስ ታክስ ተሻሻለ። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱም አልተቋረጠም። ከእነዚህ አንዱንም በሜታ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር። ሊደረግ የሚችለው ዋጋው ሲተመን ጨካኝ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ብር በግማሽ ቢወድቅ፣ መለዋወጫ ለስድስት ወር ባይገባ፣ ታክሱ ቢጨምር ይህ ድርጅት ይቆማል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከእንግዲህ በኢትዮጵያ ድርጅት ገምቶ ይህን ያልጠየቀ አማካሪ ሥራውን አልሠራም ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚረሳ አንድ ወገን አለ፤ ሻጩ። ሻጩ መንግሥት ሲሆን ደግሞ ከኋላው ሕዝብ አለ። ገዢ ሻጭን እንደሚመረምር ሻጭም ገዢን መመርመር አለበት። የካሩቱሪ የኬንያ አበባ እርሻ፣ ናይቫሻ ላይ ያለው፣ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. በአበዳሪ ባንክ ጥያቄ በባለአደራ እጅ ገባ። አንድ ኩባንያ መቶ ሺህ ሄክታር ሲጠይቅ የገንዘብ ምንጩን፣ የዕዳውን መጠንና በእህል እርሻ ያለውን ልምድ መጠየቅ የመንግሥት ግዴታ ነበር፤ አበባ ማብቀልና በጋምቤላ ሜዳ በቆሎ ማምረት አይገናኙም። ከፍተኛ ዋጋ ያቀረበ ሁሉ ጥሩ ገዢ አይደለም። በኢሉባቦር ከጎሬ ወዲያ ያለው የጉማሮ ሻይ ልማት ከመንግሥት ወደ ኢትዮ አግሪ ሴፍት ሲዛወር አብሮት የተዛወረው ሻይ ለቀማ ብቻ የሚያውቅ መንደር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ገዢው ቢከስር ሠራተኛው የሚሄድበት ሌላ ፋብሪካ የለም። ስለዚህ የገዢው ጥንካሬ ጉዳይ ለአካባቢው ሰው የመኖር ጉዳይ ነው፤ በጨረታ ሰነዱም ከዋጋው እኩል ሊመዘን ይገባል።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንሳቴ በምክንያት ነው። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዝዟል፤ መድረስ ለሚያቅታቸው መዋሃድ አንዱ መንገድ ነው። በባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ተፈቅዷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ተከፍቷል። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲቀርብ ከ100 ሚሊዮኑ 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ተሸጧል፤ የገዙት ከ47,000 በላይ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የቀረበውን የሽያጭ መግለጫ ሰነድ እስከ መጨረሻው ያነበበ ብዙ ነው ብዬ አላስብም፤ አክሲዮን ገዢም ግን ድርጅት ገዢ ነው፣ ድርሻው ትንሽ ሆነ እንጂ።

ባንክ ባንክን ሲገዛ ደግሞ ዋናው ንብረት ብድር ነው፤ የብድሩ ጥራት የሚታወቀው ከዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ ነው። መቱ ላይ ለቡና አቅራቢ የተሰጠ ብድር በመያዣነት የያዘው መጋዘን ዛሬ ቡና አለበት ወይ? የተገመተው ቤት በማን ስም ነው? ተበዳሪው ባለፈው ዓመት የከፈለው ከሽያጭ ነው ወይስ ከሌላ ብድር? የሚዋሃዱት ባንኮች ቦርዶች ስለ ልውውጥ ምጣኔና ስለ አዲሱ ስም ከመነጋገራቸው በፊት፣ ብድር መርማሪዎቻቸውን በጅማ መንገድ ወደ በደሌ፣ ወደ መቱ፣ ወደ ጎሬ ይላኩ፤ መጋዘኖቹን አስከፍተው ይቁጠሩ፣ ከተበዳሪዎቹም ጋር በአካል ይነጋገሩ።